የዕድሩ ቃሬዛ

ጉብሬ አጠገብ ካለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስመደብ ደንብ አረቅቃለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ደንብ ለእኔ ከላይ የሚመጣ ነገር ነበር። ማኅተም ተመትቶበት ይመጣል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ዝንብ ያርፍበታል፣ አለቀ። ሰው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ነገር መሆኑን ያወቅኩት እኔኑ ቁጭ አድርገው ጻፊ ሲሉኝ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከወረዳ ነው። እናቶች ቤት ውስጥ እንዳይወልዱ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን የጤና ደንብ ያውጣ፣ ነዋሪው ራሱ ተወያይቶ ያጽድቀው ተባለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ግን ስብሰባ ሲባል ራሱን የሚያመው ሰው ነውና፣ "ሲስተር፣ አንቺ ሂጂ፤ መቼም አፍሽ አያርፍም" ብሎ ላከኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አፌ አያርፍም፣ እውነቱን ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ጉራጌ አገር ስኖር ዓመታት ስላለፉ የአገሬውን ቋንቋ፣ ቸሃኛውን፣ እሰማለሁ። ስናገረው ግን ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ቢስቁም አላቆምም። ማዋለጃ ክፍል ገብታ የሳቀች ሴት ግማሽ ሥራዬን ሠርታልኛለች።

ደንብ እንድናወጣ የታዘዝንበት መንደር ከአስፋልቱ ሩቅ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው መብራት ከደጃፋቸው ይታያል። መካከል ላይ ግን ገደል አለ። በበጋ ባጃጅ እንደምንም ብሎ ይወጣዋል። ክረምት ሲገባ ባጃጁም አምቡላንሱም አስፋልቱ ዳር ቆመው ጡሩምባ ከመንፋት ሌላ የሚያደርጉት የለም። የወረዳ ሰዎች "ጤና ተቋም ውለዱ" እያሉ በድምፅ ማጉያ ሲለፍፉ በሰማሁ ቁጥር፣ እስቲ አንድ ቀን ይህን ገደል ምጥ ይዟችሁ ውረዱት እላለሁ በሆዴ።

ስብሰባው የተደረገው ጀፎረው ላይ ነው። ጀፎረ በጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ መንገዱም እሱ ነው፣ ለቅሶውም ሠርጉም እዚያው ነው። ወንዶቹ ዛፉ ሥር፣ ሴቶቹ ፈንጠር ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው የዕድሩ ዳኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ነግደው፣ ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው እንሰታቸውን ሊንከባከቡ የተመለሱ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሲናገሩ አይቸኩሉም። እኔን ደግሞ የማይቸኩል ሰው ያሳክከኛል።

እዚህ አገር አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ደስ ይላል፤ ችግሩ ተራው የደረሰው ሁሉ ነገሩን እንደ አዲስ ከሥሩ መጀመሩ ነው። ቤቷ የወለደች ትቀጣ ወይስ አትቀጣ በሚለው ብቻ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታ አዘቀዘቀች። እኔ አትቀጣ አልኩ። ደም እየፈሰሳት ቅጣት ፈርታ ከተደበቀችኝ ምኑን አዳንኳት? አንዱ ሰውዬ፣ "ያለ ቅጣት ደንብ፣ ያለ ጨው ጎመን" አለ። "እሱን ጎመን ሂድና ሚስትህን አስቀምሳት" አልኩት፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ ቅጣቱ ቀረ።

ከዚያ ወደ ገደሉ መጣን። በክረምት ወላዷን ማን ያሻግራት? ሁሉም ሣር ሲነጭ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዕድሩ ያሻግራታል" አሉ። "ለሚቀበር ሰው የተገኘ ትከሻ ለሚወለድ ሰው ይጠፋል እንዴ?"

ጭብጨባው ጀፎረውን ሞላው። እኔም ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ። ጎረምሶች በየተራ ይመደባሉ ተባለ። መሸከሚያውም አለ፤ የዕድሩ ቃሬዛ ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሩና ከትልልቁ ድስት ጋር ዕቃ ቤት ተቀምጧል። አዲስ ነገር መግዛት የለ፣ ማንንም ማስቸገር የለ። አንዱ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ ተረተ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ወላድን እስከ አስፋልት ማድረስ የዕድሩ ግዴታ ነው፤ ዕድሩ ለዚህ ያለውን ቃሬዛ ይጠቀማል።

"ሴቶችስ ምን ትላላችሁ?" ተባለ።

"እናንተ ካላችሁ" አሉ ሴቶቹ።

ይህን መልስ ዛሬ ብሰማው እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አንድ በአንድ እጠይቃቸው ነበር። ያን ቀን እሺታ መሰለኝ።

ከሴቶቹ መካከል አንዷን በደንብ አውቃታለሁ። ሦስተኛ ልጇን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ልጁ በሰላም ወጣ፤ የእሷ ደም ግን አልቆም ብሎ እጄ ላይ ልትቀርብኝ ነበር። ያን ዕለት ስንት ጊዜ ማርያምን እንደ ጠራሁ እኔና እሷ ነን የምናውቀው። አሁን አራተኛውን አርግዛለች። አንዴ በወሊድ ክፉኛ የደማች ሴት ደግማ መድማቷ ያስፈራል፤ ቤቷ ወልዳ ብትደማ ደግሞ ገደሉን ሳትጨርስ ነፍሷ ትወጣለች። ለክትትል በመጣች ቁጥር ነግሬአታለሁ። ቀድመሽ ነይና ጤና ጣቢያው ማቆያ ቤት ተቀመጪ ስላት፣ "ልጆቼን ማን ያበላልኛል? እንሰቱን ማን ይፍቅልኛል? ባሌ እንደሆነ አዲስ አበባ ነው፤ የሚመጣው ለመስቀል ነው። አንቺ ትመጪልኛለሽ?" አለችኝ። ፈገግ እያለች ነው እንዲህ የምትለው። ስለዚህ ያ የቃሬዛ አንቀጽ በእኔ ቤት የእሷ አንቀጽ ነበር፤ እሷን እያየሁ ነው የጻፍኩት።

ምጧ የመጣው ደንቡ ገና ሳይጸድቅ፣ ክረምቱ በደንብ ከገባ በኋላ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም አላባራም። የመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቀልጣፋ የአገሩ ልጅ ናት፣ ደወለችልኝ።

"ሲስተር፣ ምጥ ይዟታል። ተረኞቹ መጥተዋል፣ ቃሬዛውም መጥቷል።"

"ጎሽ! ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?"

"አልተኛበትም አለች።"

አምቡላንሱን አስፋልቱ ዳር አስቁሜ ገደሉን በእግሬ ወረድኩ። አንዱን ጫማዬን ጭቃው ዋጠው፤ ሌላውን ራሴ አውልቄ ወረወርኩት። ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን መሬት ላይ አስቀምጠው ዝናብ ይመታቸዋል። እሷ ቤት ውስጥ መካከለኛውን ምሰሶ በሁለት እጇ አቅፋ ታቃስታለች።

ቃሬዛው ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ነው፤ በመሃላቸው ሸራ ተወጥሯል። የዕድሩ ሰዎች ንጽሕና ያውቃሉ፣ ከለቅሶ ሲመለስ በሳሙና ያጥቡታል። ግን በዚያ ላይ ማን ማን እንደ ተሸኘ መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የመጨረሻው የባሏ አባት ነበሩ። እያለቀሰች ከኋላ ከኋላ የተከተለቻቸው ይህችው ልጅ ናት፤ በዚያን ጊዜም ነፍሰ ጡር ነበረች።

"በእግሬ እሄዳለሁ" አለችኝ ገና ስታየኝ።

"የሽርት ውሃሽ ፈስሷል። ገደሉ መሃል ብትወልጂስ?"

"እወልዳለኋ።"

"ብትደሚስ?"

ምጡ መጣባትና ምሰሶውን ጨመቀችው። ሲለቃት ላቧን በክንዷ ጠርጋ ቀና አለች። "ሲስተር፣ የወላድ መቃብር አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል ሲባል አልሰማሽም? ታዲያ በራሱ መኪና ልሂድለት?"

በራሱ መኪና! ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

"ኧረ በማርያም!" ብዬ ጮኽኩባት። "እንጨትና ሸራ ነው! እንጨት ሰው አይገድልም፤ አንቺን የሚገድልሽ ደም ነው!"

"ለአንቺ እንጨት ነው" አለችኝ።

አልጋዋን እናውጣ አሉ፤ በበሩ አልወጣ አለ። ቢወጣም ዝናብ ሸርሽሮ ያጠበበው የገደሉ መንገድ አያሳልፈውም። ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊያነሷት ሞከሩ፤ ምጡ ሲይዛት ተወራጭታ በአፍጢሟ ልትደፋ ሆነ። አንዱ በጀርባዬ ልዘላት አለ፤ ወላድን እንደ ማገዶ! እኔ ይህን እጮሃለሁ፣ ያን እሰድባለሁ። በእያንዳንዱ ምጥ መካከል ያለው ፋታ እያጠረ ነው። ማኅፀኗ እዚያው ምሰሶው ሥር ልጁን አውጥቶ ደም መልቀቅ ሲጀምር ከአሁኑ ይታየኛል፤ በእጄ ያለው መድኃኒት ለዚያ እንደማይበቃም አውቃለሁ። ጥግ የቆሙ አንዲት አሮጊት፣ "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" አሉ ዓይን ዓይኔን እያዩ። እሳቸውም ያን ቀን ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ዳኛው ይህ ሁሉ ሲሆን ቃሬዛው አጠገብ ቆመዋል። በመጨረሻ ጃንጥላቸውን አጥፈው መሬት አስቀመጡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጃንጥላው ላይ ደፉት። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ አንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቃሬዛው ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። "አባባ፣ ይነሡ! ምን ዓይነት ሟርት ነው!" ይላል ወንዱ። በዚያ ዕድሜ እዚያ ላይ መተኛት ሞትን በስሙ መጥራት ነው። እኔ ራሴ ልጎትታቸው እጄን ዘርግቼ መለስኩት።

"አንሡኝ" አሉ ከተኙበት።

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"አንሡኝ አልኩ እኮ!"

አነሷቸው። ዝናቡ ፊታቸው ላይ እየወረደ እስከ ግቢው በር ወሰዷቸው፣ መለሷቸው። ሲያወርዷቸው ክንዳቸውን ሊይዙላቸው ቢሉ እምቢ ብለው ለብቻቸው ተነሡ። የቤቱ በር ላይ ቆሙና ወደ ውስጥ አዩ።

"ይኸው ልጄ፣ ተኝቼ ተነሣሁ። የተኛበት ሁሉ አይቀርም። ነይ።"

"ባልመለስ በእርስዎ ነው፣ አባባ" አለች።

"በእኔ ይሁን።"

ምሰሶውን ለቀቀችው። የራሷን ብርድ ልብስ ሸራው ላይ አነጠፍንላትና ተኛች። ዓይኗን ጨፍና አስፋልቱ እስኪደርስ አልገለጠችም። ጎረምሶቹ በጭቃው እየተንሸራተቱ፣ "ቀስ! ግራ! ያዝ ያዝ!" እየተባባሉ ወረዱ፣ ወጡ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ትከሻውን ይሰጣል፤ እሷን አንዴም መሬት አላስነኳትም። ወንድ ልጅ ሲባል የሚያናድደኝ ብዙ ነገር አለ፣ ያን ቀን ግን እያንዳንዳቸውን ብስም ደስ ይለኝ ነበር። እኔ በባዶ እግሬ ከጎኗ እሮጣለሁ። እጄን ይዛኛለች፤ አጥንቴን ልትሰብረው ምንም አልቀራት።

አምቡላንሱ ደም ወደሚሰጥበት ወልቂጤ ሆስፒታል በቀጥታ አደረሰን። ወለደች፤ ሴት ልጅ። እንደ ፈራሁትም ደማች። መድኃኒት ሰጧት፣ ደም ሰጧት፣ ቆመ። ስለዚያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ቤቷ ብትወልድ ኖሮ ግን እንደማትተርፍ አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ የጭቃ እግሬን እያየሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሽማግሌው በዚያ ሰሞን ጉንፋን ያዛቸው። ያ ሁሉ ዝናብ ስለ ወረደባቸው ነው፤ ለእኔ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። መንደሩ ግን ሳላቸውን መቁጠር ጀመረ። ጎረቤት በየሰበቡ ይጠይቃቸዋል፤ "እንዴት አደሩ?" ሲባሉ የጠያቂው ድምፅ ሌላ ነበር። ባለቤታቸው ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ሲመጡ ሰላምታዬን በአፍንጫቸው ነው የመለሱት። "የእናንተ ደንብ ባሌን ሊበላብኝ ነው" አሉኝ። ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ ንጹሕ ነው። "ምንም የለብዎትም፣ አባባ" ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳሉ ለቀቃቸው። ከሳ ብለው ቀሩ።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ደንቡን ለማጽደቅ ጀፎረው ላይ እንደገና ተሰበሰብን። ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጥቷል። ሌሎቹ ቀበሌዎች ጨርሰዋል፣ እናንተ ብቻ ቀራችሁ እያለ ያጣድፈናል። ቢሆንም አመሰገነን፤ የዕድሩ ቃሬዛ የእናት ሕይወት አዳነ፣ ይህ ለሌላውም ምሳሌ ነው አለ። ተጨበጨበ። እሷም ልጇን አቅፋ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፣ ፊቷ ወዝ አውጥቷል።

አንቀጾቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። የቃሬዛው ላይ ስደርስ ዳኛው እጃቸውን አነሡ።

"እሱ ይሻሻል። ለሕያው ሰው ሌላ ቃሬዛ ይሠራ።"

"ለምን? ይኸው ሠርቷል እኮ!" አለ አንዱ። ሌላው ሁለት ቃሬዛ የት ይቀመጣል አለ። ሦስተኛው ዛሬ ለወላድ ለየት ካደረግን ነገ ወገቡን ያመመው ሁሉ የራሴን ካልሠራችሁልኝ ይላል አለ። የወረዳው ባለሙያ ሰዓቱን ያያል። እኔም ደክሞኛል፤ ደንቡ ይለቅልኝ፣ ሪፖርቱ ይግባልኝ ነው የምለው።

"አባባ፣ በዚሁ ይለፍ" አልኩ። "አንዴ ተጀምሯል፣ ሰው ይለምደዋል። ለፍርሃት ብለን ዕቃ አንሥራ። እንጨት ነው።"

ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"የዚያን ዕለት ነገር እንደ ጀግንነት ተወርቶልኛል" አሉ። "እውነቱን ልንገራችሁ። ሸራው ላይ ሆኜ ሰማዩን ሳየው የምነሣ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ፣ ልጅ ድሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ምጥም አልያዘኝም። እሷ ገና ልጅ ናት። ለሚቀጥለዋስ ማን ይተኛላታል? እኔ ሁለተኛ አልተኛም።"

ሴቶቹ በኩል አንድ ሕፃን አለቀሰና ጡት ሲሰጡት ዝም አለ።

"ሲስተር" አሉ ሽማግሌው፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንጨት ነው እያልሽ ስትጮኺ ሰምቻለሁ። እኔ እስክተኛ ብዙ ቆይተሻል፤ ቃሬዛው እግርሽ ሥር ነበር። አንቺ ለምን አልተኛሽበትም?"

መልስ ሞልቶኛል። ምጧን መከታተል ነበረብኝ፤ ባለሙያ ነኝ፤ ሐሳቡም አልመጣልኝም። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። ግን ውሸት ነው፣ ሐሳቡ መጥቶልኝ ነበር። ያን ያህል የጮኽኩት "እስቲ አንቺ ተኚበት" እንዳትለኝ ነው። እሷ ከሴቶቹ መሃል ቀና ብላ እያየችኝ ነው።

"ፈርቼ ነው፣ አባባ" አልኩ።

አንድም ሰው አልሳቀም። የወረዳው ሰውዬ እንኳ ሰዓቱን ማየት ተወ።

"እንግዲያውስ ያን አንቀጽ አሻሽለሽ ጻፊው" አሉኝ።

ጻፍኩት።